ዞር በል ያልነው ፈረንጅ

ጥርሴን ቀይሬ ሳልጨርስ፣ ከሚሴ ላይ ፊልም የሚያውቅ ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ወደኔ ነበር። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራም ነው፤ ግን ውሸት የለበትም። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልፈለግኩት። ሰይድ ቪዲዮ ቤት ግን ቀርቼ አላውቅም። እዚያ ስም ጥሪ ቢኖር ኖሮ ከአንደኝነት የሚያወርደኝ አልነበረም።

አሁን ዋናው አስፋልት ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። መንዙማ፣ ነሺዳ፣ ፊልም፣ በሚሞሪም በፍላሽም እጭናለሁ። ሰው መጥቶ «ምን ጥሩ ፊልም አለ?» ሲለኝ የቱርኩን ተከታታይ አላወጣለትም፤ ዶክመንተሪ ነው የምለው። ፊቱን ያጠቁራል። «ዜና ነው እንዴ?» ይለኛል። ኧረ ዜና አይደለም! በረሃ ለበረሃ ልጇን ይዛ ውሃ የምትፈልግ ዝሆን አለችኝ። ዕድሜ ልኩን አንድ ድልድይ ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ አለኝ። ጨው ከመሬት ፈልጠው በግመል የሚጭኑ ሰዎች አሉኝ። የዝሆኗን አይቶ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ደንበኛ ካለ ይምጣና ሱቁን ከነቁልፉ ይረከበኝ። ታዲያ አንድ ምክር አብሬ እጭንላቸዋለሁ፣ በነጻ፦ የሚያወራውን ሰውዬ አትዩ፣ ከኋላው ያሉትን እዩ። ይሄን ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። እኔ ግን ሳልጠየቅ መናገር ልማዴ ነው።

ቪዲዮ ቤት የኛ ዘመን ልጅ ያውቀዋል። የጭቃ ግድግዳ፣ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ መሬቱ ሁሉ የለውዝ ልጣጭ። መብራት ሲጠፋ ጓሮ ያለው ጀኔሬተር ይነሳና የቤንዚን ሽታ ከሰው ላብ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። እስከዛሬ ቤንዚን ሲሸተኝ አንድ ሰው ከጣሪያ ላይ ዘሎ የሚመጣ ይመስለኛል። ቀን ብይ ስንጫወት እንውልና ሰይድ ድምጽ ማጉያውን ወደ ውጭ ሲያወጣ ብያችንን ኪሳችን ከተን እንበራለን።

የኔ ሥራ በር ላይ ቆሜ ፊልሙን ማስተዋወቅ፣ ሲጀምር ደግሞ ውስጥ ገብቼ መተርጎም ነበር። ሕንድኛ በሉ፣ ቻይንኛ በሉ፣ እንግሊዝኛ በሉ፣ የሚያቅተኝ አልነበረም፤ አንዱንም ስለማልችል ሁሉም ለኔ እኩል ነው። አክተሩ አፉን ሲከፍት በአማርኛ እጀምራለሁ፣ መሃል ላይ ወደ ኦሮምኛ እገባለሁ፣ ልጅቷን ሲጠራት «ኮቱ መሌ!» እላለሁ፣ ነይ እንጂ ለማለት፣ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ይደርሳል። ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ «ፊልሙን ተወው፣ ልጁን ስማው» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ሰይድ ከደሴ ሲዲ በካርቶን ገዝቶ መጣ። አንዷ ላይ በረሃና ግመል ተስሎባታል። እንግዲህ ግመል ካለ ሽፍታ አለ፣ ሽፍታ ካለ ጠመንጃ አለ። ደጅ ወጥቼ «የግመሎቹ ሽፍታ! ክፍል አንድና ክፍል ሁለት!» ብዬ ጮህኩ። ክፍል ሁለቱን ከራሴ ነው የመረቅኩላቸው። የገበያ ቀን ስለነበር ቤቱ ጢም አለ፤ ዝናቡ ደግሞ ፊልም አይተው የማያውቁትን ሁሉ ጠራርጎ አስገባልን። ከነሱ አንዱ ጋሽ ይመር ነበር።

ጋሽ ይመር ጎረቤታችን ነው። ያኔ በጋሪ ውሃ ያመላልስ ነበር። ልጅ ሆኖ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእናቱ ጋር ባቲ መጠለያ ገብቷል። እሱ ሲታመም የበሽተኞች ድንኳን አስተኙት፤ ተሽሎት ሲወጣ እናቱ የለችም። ገሚሱ ሞታለች አለው፣ ገሚሱ ሰፈራ በመኪና ጭነው ወስደዋታል አለው። አክስቱ ፈልጋ አግኝታ ከሚሴ አምጥታ አሳደገችው። የእናቱ ፎቶ የለ፣ መቃብር የለ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሶደቃ ይወጣለታል፤ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የበላ ይመርቃል፣ ለሟቹም ለቀሪውም እረፍት ነው። ጋሽ ይመር ግን ለእናቱ ሶደቃ አላወጣም። ካወጣ በገዛ እጁ ገደላት ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ «ሞት ቁርጥ ነው ልጄ፣ መጥፋት ግን ማለቂያ የለውም፤ ዱዓው እንኳ ይድረሳት» እያሉ ስንት ዓመት ሲለምኑት ኖረው፣ በዚያ ክረምት እሺ አለ። ወይፈን ገዝቶ ግቢው አሰረ። ቀኑም ተቆረጠ፣ ለሚመጣው ጁምዓ።

ፊልሙ ጀመረ። ሽፍታ የለ፣ ዘፈን የለ። ዝም ብሎ ተራራ፣ አቧራ፣ የሚሄድ ሰው።

«አክተሩ የታለ?» አለ አንዱ።

«እየመጣ ነው» አልኩ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ግመሉስ?»

«ግመሉ ክፍል ሁለት ላይ ነው።»

ይስቃሉ። ሰይድ ሊቀይረው ብድግ ሲል ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ቆይ፣ ቆይ አንተ! ያ ጋራ የባቲ አይደለም እንዴ?» አሉ። ሰይድ ተመልሶ ተቀመጠ። ድንኳን መጣ፣ ከዚያ ሌላ ድንኳን፣ ከዚያ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው እስከ ጋራው ሥር። ስንት ዘመን የሰው አገር ስናይበት የኖርነው ቴሌቪዥን የኛን አገር አወጣው።

አንድ ፈረንጅ ማይክ ይዞ ብቅ አለና ማውራት ጀመረ። ከኋላው የእህል ወረፋ አለ። እኔ ለመተርጎም አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ይመር ተነሳ። ከፊቱ የተቀመጡትን እየረገጠ ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሰና በጣቱ አንዲት ሴት ነካ። ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ቀጭን ናት፣ አንዱን እግሯን በሌላው ታካለች፣ እጇ ላይ ጣሳ አለ።

«ጣሳው» አለ። «ጣሳውን ሽቦ ያሰረላት አባቴ ነው።» ከዚያ ያ ጎርናና ድምጹ የልጅ ድምጽ ሆነ። «አዮ!» አላት። እማዬ ማለቱ ነው።

ወላሂ የሰማችው ነው የመሰለን። ሴትዮዋ አንገቷን ማዞር ጀመረች። ጆሮዋ ታየ። ጉንጯ ታየ። ይሄኔ ፈረንጁ ወደ ጎን ፈቀቅ አለና በትከሻው ጋረዳት።

«ዞር በል!» አለ ጋሽ ይመር።

ፈረንጁ ያወራል።

«ዞር በል እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለ ሰይድም። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ባማርኛ ዞር በል፣ በኦሮምኛ «ሂቂ! ሂቂ!»፤ አንዱማ ጫማውን አውልቆ ሊወረውር ሲል ሰይድ ለቴሌቪዥኑ ብሎ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። «አንተ ተርጓሚ፣ ምን እያለ ነው? ስለሷ ነው?» ብለው ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሕንዱን ያስለቀስኩ፣ ቻይናውን በኦሮምኛ ያስማልኩ ልጅ፣ አንድ ቃል ጠፋኝ። ጋሽ ይመር ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ይጠብቀኛል። ከዚያ ፈረንጁ ጠፋ፣ ወረፋውም ጠፋ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ውሃ ሲጠጡ መጣ።

«መልሰው» አለ ጋሽ ይመር።

ሰይድ መለሰው። ጆሮ፣ ጉንጭ፣ ትከሻ። «መልሰው።» ዝናቡ አባራ፣ ማንም አልወጣም። በየዙሩ እንደ አዲስ እንጮሃለን። ባንዱ ዙር ይሰማን ይሆናል ብለን ነው መሰለኝ። ሞኞች ትሉን ይሆናል፤ እናንተ እዚያ አልነበራችሁማ።

በነጋታው ወሬው አገር አዳርሶ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ከየገጠሩ መጡ። ሰይድ ማንንም አላስከፈለም። ሁሉም ወረፋው ውስጥ የራሱን ሰው ይፈልጋል። ቅቤ ነጋዴዋ እማማ ዘሃራ ወንድማቸውን አገኙት፤ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ቁጢጥ ብሏል። «አካም ጅርታ? ፈያዳ? ከብቱስ?» እያሉ ሰላምታቸውን አንድ በአንድ ጨርሰው፣ መልስ ይሰጣቸው ይመስል ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ ጉንጩን ባለበት መስተዋት ላይ ስመው ወጡ። ጋሽ ይመር በዓይኑ እስከ በሩ ሸኛቸው። ቅናት ይሁን ምን እንጃ፤ ፊት ማግኘትም ዕድል ነው ለካ።

ከሰዓት ሼህ አደም መጡ፤ ሶደቃውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ተሰብስቦ ወደተቀመጠበት ቤት በጫማ መግባት አልለመዱምና ያን የለውዝ ልጣጭ ሁሉ እያዩ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እኛም አፍረን አወለቅን። የሰይድ ቪዲዮ ቤት ደጅ ያን ቀን የመስጊድ ደጅ መሰለ።

ፊልሙን አዩት። «ይመር ልጄ፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው እኮ» አሉት።

«አውቃለሁ ሼኪ።»

«ያኔ ቆማ ነበር ማለት፣ ዛሬም አለች ማለት አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ግን ትናንት በዓይኔ ቆማ ላየኋት ሰው እንዴት ብዬ ልረድላት? ስጠራት እኮ ዞራለች ሼኪ! ይሄ ሰውዬ ነው እንጂ የከለከለን።»

ሼህ አደም ውሃ ቢጠፋ፣ ሚስት ብትኮበልል፣ በሬ ቢሞት የሚሉት አያጡም። ያን ቀን ግን መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ወደ ሰይድ ዞሩ። «እስቲ አንዴ ድገመው» አሉት። ተደገመ። ትከሻው ብቅ ሲል፣ ያላህ ያለህ፣ ሼኪ ራሳቸው ከዘራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው «ተው አንተ ሰው! ለአላህ ብለህ ዞር በል!» አሉ። ሳቅን። ጋሽ ይመርም ሳቀ፤ እየሳቀ ፊቱን በፎጣው ሸፈነና እዚያው ቀረ።

ሶደቃው ቀረ። ከዚያ ፊልም የተጠቀመ ወይፈኑ ብቻ ነው። ሰባ፣ ቀንድ አወጣ፣ አንድ ሁለቴም ጋሽ ይመርን ወጋው፣ በመጨረሻ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ተሸጠ። ሽማግሌዎቹም መለመኑን ተዉ። ምን ብለው ይለምኑታል? እነሱም ጮኸዋል እኮ።

ሰይድ ቪዲዮ ቤት ዛሬ ሴራሚክ ይሸጥበታል። ጋሽ ይመር ባጃጅ ይነዳል። ፊልሙን ከሲዲው ወደ ስልኩ ያሻገርኩለት እኔ ነኝ፤ ስልክ በቀየረ ቁጥር እጭንለታለሁ። አሁን ምስል በጣት ይለጠጣል። ለጠጥናት። ጉንጯ ጋ ስንደርስ ሳጥን ሳጥን ሆና ትበተናለች። ኢንተርኔት ላይ ስለዚያ መጠለያ ያልፈለግኩት የለም፤ እኔ ደግሞ ስፈልግ ከጭድ ውስጥ መርፌ የማወጣ ሰው ነኝ። ያገኘሁት ሁሉ ላይ የሚያወራው ሰው ፊቱ ይታያል፣ ስሙም ከሥር ተጽፎለታል። ከኋላ ያሉት ስም የላቸውም። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅም አምጥቼ የፈረንጁን ንግግር አስተረጎምኩ። ወደብ ላይ ስለቆመ የእህል መርከብ ነው የሚያወራው። ስለሷ አንድ ቃል የለም።

በቀደም አዲስ ስልክ ይዞ መጣ። ያኔ ቤት ሙሉ ሰው ሆነን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ እየጮህን ያየነውን አሁን ሁለታችን ሱቄ ውስጥ ድምጹን ቀንሰን፣ መዳፍ በምታክል ስክሪን አየነው። ዞር በል ያለ የለም። «ዘንድሮም አልሄደም እኮ ይሄ ፈረንጅ፤ በቃ ቀበሌው መታወቂያ ያውጣለት» አልኩት። ፈገግ አለ። ከዚያ ሴትዮዋ ላይ አቆመውና ሽበቱን እያሻሸ ቆየ።

«ልጄን ከድጃን ታክላለች፣ አየሃት?» አለኝ።

«እ?»

«በዕድሜ ነው የምልህ። አሁን እኮ አባቷ እሆናለሁ። ድሮ ይሄ ሰውዬ ዞር ቢልልኝ እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር። ዘንድሮ ፈራሁ። እሷ የምትፈልገው ያንን ትንሽ ልጅ ነው። ዞር ብሎላት ብታየኝና ‹ይሄ ሽበታም ደግሞ ማነው?› ብትለኝስ?»

ጎንበስ ብዬ የቻርጀሩን ገመድ ነካካሁ፣ ያልተበላሸውን።

«ሌላ ዶክመንተሪ የለህም?» አለኝ ቆይቶ። «ጥሩ የምትለው። ሰው የሌለበት።»

የዓሣ ጫንኩለት።