እንግዶቹ ያደረጉትን አድርጉ

ይህን ጉዞ ብዬ ስጽፈው የሚስቅብኝ አይጠፋም። ከፒያሳ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም ደርሶ መመለስ፣ ያውም በመኪና፣ ለጉለሌ ልጅ መንገድ አይባልም። ከዚያ ወዲህ ባሕር ተሻግሬም አይቻለሁ። እንደዚያች ቅዳሜ የራቀኝ ቦታ ግን የለም፤ የራቀኝም ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ነው።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከእንግሊዝ አገር ሦስት እንግዶች ሰፈራችንን ሊጎበኙ ነውና አስተርጓሚ ሁን ተባልኩ። ተገድጄ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ወድጄ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ከታሰረ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። የሰፈራችን ካድሬ ጓድ ታምራት ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ቀኑ ካማረ ሰኞ ቢሮዬ ና፤ የወንድምህን ፋይል አስወጥቼ አየዋለሁ» አለኝ። የጉዞዬ ዓላማ ይኸው ነው፤ ቀኑ እንዲያምር።

ሐሙስ ዕለት ነዋሪው ቀበሌ አዳራሽ ተጠርቶ ልምምድ ተደረገ። ጓድ ታምራት ወደ እኔ ዞሮ፣ «አስተማሪ፣ የፈረንጅ ሥርዓት የምታውቅ አንተ ነህ፤ ሕዝቡ ምን ያድርግ?» አለኝ። እኔም አዋቂ ነኝ ባይ፣ «ቀላል ነው፤ እንግዶቹን ማየት ነው። ሲቆሙ መቆም፣ ሲያጨበጭቡ ማጨብጨብ፣ እጅ ሲያነሱ እጅ ማንሳት» አልኩ። ወደደው። «እንግዶቹ ያደረጉትን አድርጉ፤ በሉ ድገሙት» ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። እናቴም ከሴቶቹ መሃል ሆና አብራ ደገመች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፒያሳ

ሾፌራችን ጋሽ አየለ ላንድሮቨሩን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ፣ በአስር በአስር ሳንቲም የገዛውን ቦምቦሊኖ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይጠብቀኛል። ጓድ ታምራት ከፊት ተቀመጠ። እኔና እንግዶቹ ከኋላ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን።

ሦስቱም ከአንድ ከተማ የመጡ የአንድ የግራ ፓርቲ አባላት ናቸው። አገራቸው ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል፤ ፓርቲያቸው ግን ተሰነጣጥቋል። አንዱ ክንፍ ሌላውን ስለማያምን ለዚህ ጉብኝት እንኳ ከየክንፉ አንድ አንድ ሰው መርጠው ነው የላኩት። ሮጀር ጢማም ወጣት ነው፤ ባንኩም ፋብሪካውም ይወረስ፣ መሪዎቻችንም ለዘብተኞች ናቸው ይላል። ዶሮቲ ስልሳ ያለፋት የከተማዋ ምክር ቤት አባል ነች፤ እንዲህ እየጮኽን ከቀጠልን ሕዝቡ ፊቱን ያዞርብናል ትላለች። ፒተር ደግሞ ከፓርቲው ወጥተው አዲስ ፓርቲ ካቋቋሙት ሰዎች ጋር ልቡ የሸፈተ፣ ቀጭን፣ ትሕትና የሚያበዛ ሰው ነው።

ገና ከፒያሳ ሳንወጣ ሮጀር ፒተርን «አንተ ከሃዲ ነህ» አለው። በእኛ ሰፈር ይህ ቃል የተነገረበት ሰው ሳምንት አይከርምም ነበር። ሳላስበው ወደ ጓድ ታምራት ማጅራት አየሁ። ፒተር ግን «ሊሆን ይችላል» አለና ጋሽ አየለ ያደለውን ቦምቦሊኖ ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለሮጀር ሰጠው። ሮጀርም ተቀብሎ በላ።

«ምን ይላሉ?» አለኝ ጋሽ አየለ በመስታወቱ እያየኝ።

«ስለ ምርጫ ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ሊያሸንፍ ነው?»

«አይታወቅም።»

«ሳይታወቅ ነው የሚመርጡት?» ትንሽ አሰበና፣ «ጉድ ነው» ብሎ ማርሽ ቀየረ።

ዶሮቲ በሌላው፣ በቀኙ ጫፍ ስላሉትም አወራችኝ። ጸጉራቸውን የተላጩ ጎረምሶች ባንዲራ ይዘው፣ ጥቁር ከአገራችን ይውጣ እያሉ በከተማዋ ይሰለፋሉ አለች። «እኛ እርስ በርስ ስንባላ እነሱ እየበዙ ነው።» ሮጀር በዚህ ጊዜ ብቻ አልተከራከራትም።

ሦስት ሰዓት፣ አዲሱ ገበያ

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አዲሱ ገበያን የሚያውቅ ያውቀዋል። አህያው፣ ወያላው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ሰው በሰው ላይ። ያን ዕለት አንድም ሰው የለም። ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ተጠርቶ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። መደቦቹ ባዶ፣ መንገዱ የተጠረገ፣ የውሻ ድምፅ እንኳ አይሰማም። የጠዋቱ ጭጋግ ከእንጦጦ ወርዶ ከቆርቆሮው በላይ ቆሟል።

«ንጹሕ ሰፈር ነው» አለ ሮጀር።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለች ዶሮቲ።

ጓድ ታምራት መልሱን ሰጠኝ፣ እኔም ተረጎምኩት፤ ሥራ ላይ ናቸው። ሰፈሬን እንዲህ ባዶ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ አሰሳ በሚደረግበት ጊዜ፣ ሰሎሞንን በወሰዱት ጠዋት። ፍርሃቱ እንደ አዲስ መጣብኝ።

ቀጨኔ

ቀጨኔ ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ቤት ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ጭቃ ያድቦለቡላሉ። ስንገባ አንዷም ቀና አላለች። ያ ሁሉ እጅ እኩል ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በሌላ ቀን እዚያ ቤት በሐሜትና በሳቅ አይደማመጡም።

ዶሮቲ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «በማኅበሩ ደስተኛ ነሽ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከጭቃው ሳያነሱ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «ምን ልበል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ደስ ብሎኛል ይበሉ።»

«ደስ ብሎኛል» አሉ።

ተረጎምኩት። ዶሮቲ አመስግና ትንሽ ማሰሮ በብር ከሃምሳ ልትገዛ ብሯን አወጣች፤ ሴትዮዋ ብሩን አይተው እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ከእንግዳ ብር እንዳይቀበሉ ታዘው ነበር። ማሰሮው በነጻ ተሰጣት፤ እሷም ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ታቅፋው ወጣች።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አዳራሹ

ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ ጸጥ ብሏል። ስንገባ እንግዶቹ ቆመው ስለነበር ሁሉም ቆመ። ሲቀመጡ ተቀመጠ። ሮጀር መነጽሩን ሊጠርግ ሲያወልቅ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌም መነጽራቸውን አወለቁ። ሳቄ መጣና መልሼ ዋጥኩት፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ያ ሁሉ ዓይን ሳይርገበገብ ሦስት ሰዎችን ያያል።

እናቴ ዘግይታ ስለገባች ቦታ ያገኘችው ከምሰሶው ኋላ ነው። ከዚያ ሆኖ መድረኩ ላይ የቆመ አስተርጓሚ ይታያል፤ ከጎን የተቀመጡት እንግዶች ግን አይታዩም።

ጓድ ታምራት የአጋርነት መልእክት አነበበ። ከሮጀር ጋር አርብ ማታ ሆቴል ቁጭ ብለው፣ እኔው እያስተረጎምኩ ያረቀቁት ነው። የጉለሌ ነዋሪ በመጪው ምርጫ የእንግሊዝ ሠራተኛ እንዲያሸንፍ ይመኛል፤ በፓርቲው ውስጥ ያሉትን ወላዋዮችና ከድተው የወጡትንም ያወግዛል ይላል። ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ሳነበው የዶሮቲ ፊት ተለወጠ። «ይህ የሮጀር ድምፅ ነው እንጂ የእነዚህ ሰዎች አይደለም» አለች ለፒተር።

«የሚደግፍ?» አለ ጓድ ታምራት። ተረጎምኩ። ሮጀር እጁን አነሳ። ሕዝቡ ሁሉ አነሳ።

«የሚቃወም?»

ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ለወጉ ያህል ይጠየቃል፤ ጠያቂው መልሱን ሳይጠብቅ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ያልፋል። እኔ ሞኙ ግን ይህንንም ተረጎምኩት። ዶሮቲ እጇን አነሳች። ፒተርም አነሳ።

ከአዳራሹ መጀመሪያ የተነሳችው እጅ ከምሰሶው ኋላ የእናቴ ናት። ቀጥሎ የፊት ረድፍ፣ ቀጥሎ የመሃሉ፣ ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ሁሉም። እንግዶቹ እጃቸውን ስላላወረዱ የሚያወርድ አልተገኘም። አንዳንዶች ምን እንዳደረጉ ገብቷቸው ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እጃቸው ግን እዚያው አየር ላይ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰሎሞንን በገዛ አፌ ቀበርኩት አልኩ።

ወደ ጓድ ታምራት ዞርኩ። የእሱም ቀኝ እጅ ከጆሮው በላይ ነው። እንግዶቹን ሲያይ ኖሮ ሳያስበው አንስቷል። እጁን አየ፣ እኔን አየኝ፤ እኔም እጁን ሳይ አየኝ።

እንዴት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም። «እንግዶቻችን» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በአገራቸው ወግ እየተሰናበቱን ነው፤ እኛም እንሰናበታቸው» ብዬ እጄን አንስቼ አወዛወዝኩ። ሕዝቡ እጁን ማወዛወዝ ጀመረ። አዳራሽ ሙሉ እጅ ድምፅ ሳያሰማ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፒተርም ግራ ገብቶት መልሶ አወዛወዘ። በመጨረሻ ጓድ ታምራት ሲያጨበጭብ ሁሉም አጨበጨበ።

ስምንት ሰዓት፣ እንጦጦ

በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ጭጋጉ ስለከበደ ጋሽ አየለ መብራት አብርቶ ነው የሚነዳው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወርደን በእግር ስንሄድ ባሕር ዛፎቹ መሃል ብዙ ሴቶች መንገዱ ዳር ቁጭ ብለዋል። የባሕር ዛፍ ሸክማቸውን ከጀርባቸው አላወረዱም። እንግዶቹ እስኪሄዱ ወደ ከተማ እንዳይወርዱ ታግደው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ስናልፍ ሰላምም አላሉን። ጭጋጉ አንዳንዷን ይሸፍናታል፣ መልሶ ይገልጣታል፤ ቁጥራቸውን ማወቅ አልተቻለም።

ሮጀርና ፒተር ከጓድ ታምራት ጋር ቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። ዶሮቲ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያ እጅ ማወዛወዝ ስንብት አልነበረም» አለች። «ሁሉም ተቃወሙ። ይህን አገሬ ገብቼ በስብሰባ ላይ እናገራለሁ፤ ሮጀር የሚመልሰው አይኖረውም።»

«እባክዎ፣ አይናገሩ።»

«ለምን?»

ለአምስት ዓመት ለባዕድ ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። ወንድም እንዳለኝ፣ ስሙ ሰሎሞን እንደሆነ፣ ሰኞ ፋይሉ ሊታይለት እንደሆነ። እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ፤ እያስተማርኩት የኖርኩትን ሰዋስው እየሰበርኩ ተናገርኩ። ዶሮቲ ማሰሮዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሮጀር ሲመለስ፣ «ማስታወሻዬ ላይ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሕዝቡ ለሁለተኛ ጊዜ እጁን ያነሳው ግን ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ስንብት ነው። ጥሩ ልማድ ነው» አለችው።

ቃሏንም ጠበቀች። ከወራት በኋላ በትምህርት ቤቱ አድራሻ የደረሰኝ ፖስትካርድ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ክፉኛ ተሸንፈናል፣ ፒተር ከፓርቲው ወጥቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዛሬም ከሮጀር ጋር ቢራ ይጠጣል።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

እንግዶቹን ሆቴላቸው አድርሰን ስንመለስ ጓድ ታምራት ከሰፈራችን በላይ መኪናውን አስቁሞ አብሮኝ ወረደ።

«ስንብት ነው አይደል ያልከው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ጥሩ ነው። ሰኞ ግን እንዳትመጣ። ሌላም ቀን አትምጣ።» ቁጣ የለበትም ድምፁ፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነው። «እጄን አይተሃል። ያንተን ወንድም ካስፈታሁ አለቆቼ፣ አስተርጓሚው ምን ቢያውቅበት ነው ይሉኛል።»

ቤት ስገባ እናቴ የሰሎሞንን ምሳ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እሑድ የመጠየቂያ ቀን ነው።

«እማዬ፣ አልሆነም። አትምጣ አለኝ።»

ማጠቧን አላቆመችም። «ባነሳው እጁ ምክንያት ነው?»

«በእጁ ነው።» ንዴቴን የማወጣበት አጣሁና ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺስ ብትሆኚ? ከምሰሶ ኋላ ሆነሽ እንግዶቹን እንኳ አታዪያቸውም ነበር። የሚቃወም ሲባል ማንን አይተሽ ነው ያነሳሽው?»

«ማንንም።» ምሳ ዕቃውን ደፍታ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «የመጀመሪያውን አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው ያነሳሁት። ሁለተኛው የራሴ ነው። ልጄን ከወሰዱት ጀምሮ የሚቃወም በተባለ ቁጥር ይህችን እጄን በዚህችኛዋ ይዤ ነው የምቀመጠው። ዛሬ ደከመኝ።»

ሰሎሞን የተፈታው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፤ በማን ፈቃድ እንደሆነ ዛሬም አናውቅም። እኔ ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ እነሱ አገር ሰው በአንድ መኪና ተቀምጦ ይካሰሳል፣ አንድ ቦምቦሊኖ ይካፈላል። እናቴ ግን እጇን አንስታ በሰላም ቤቷ የገባችው አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሯት ስለተሳሳተ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ስንቁን የምትወስደው ብቻዋን ነበር። እኔ ሥራዬን ያሳጣኛል ብዬ እስር ቤቱ በር ደርሼ አላውቅም፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «በጊዜ ተነስ እንግዲህ» አለች፤ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰልፉ አይቻልም።»