ለአንድ የፊት መብራት፦ ከጀሪፍ እስከ ሰናዒያ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፈሬ ከጀሪፍ ተነሣሁ። ጉዳዬ አንድ ነበር። የመኪናችን የግራ የፊት መብራት አልበራ ብሏል፤ ካልበራ ደግሞ መኪናዋ የዓመቱን ምርመራ አታልፍም። እዚህ ካርቱም ምርመራውን ፈሕስ ይሉታል። ፈሕስ ያላለፈ መኪና ፈቃዱ አይታደስም፤ ያልታደሰውን ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ካገኘው ይወስደዋል። የእኛ ፈቃድ የሚያበቃው በዚያው ሐሙስ ነው። ዓርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው። እሑድ ትምህርት ይከፈታል።

ባለቤቴ መኮንን በዚህች ነጭ መኪና ስምንት ዓመት ሙሉ የአበሻ ልጆችን ከጀሪፍ ወደ አርካዊት ትምህርት ቤት ሲያመላልስ ኖሯል። ካረፈ ሃምሳ ሦስት ቀኑ ነው። የልጆቹ ወላጆች እስከ ሐሙስ ማታ ሊጠብቁኝ ተስማምተዋል። ከዚያ ካለፈ ልጆቹን የሚወስድ ሌላ ሰው ተገኝቷል። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ መማር አለበት። እኔ ግን ከዚህች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። የዚያን ቀን ጉዞ የምጽፈው፣ እንደ እኔ ብቻዋን መኪና ይዛ የቀረች ሴት ካለች ምናልባት ይጠቅማታል ብዬ ነው።

መኪናዋ ከቀብሩ ወዲህ ቆማ ስለነበር መብራቱ መበላሸቱን ያወቅሁት ረቡዕ ነው። አምፑሉን ራሴ ቀየርሁት። መኮንን ሲቀይር አየው ነበር፤ መስታወቱን በጣት አይነኩትም፣ በንጹሕ ጨርቅ ይይዙታል። እንዲሁ አደረግሁ። አዲሱ አምፑል ግን እንደ አሮጌው ሆነ፤ ሊያልቅ እንደተቃረበ ፍም ቀላ ይልና በዚያው ይቀራል። ቀኝየው ነጭ ሆኖ ይበራል፣ ግራው እንዲህ።

ማንሺያ፣ ሁለት ሰዓት

መጀመሪያ የሄድሁት አል-ማንሺያ፣ ጋሽ ብርሃኑ ዘንድ ነው። ጋሽ ብርሃኑ የመኮንን የስደት ጓደኛ ናቸው። አገር ቤት የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እዚህ አባይ ዳር የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆነው ፀጉራቸው ነጥቷል። ሰናዒያ፣ ማለት ጋራዦቹ የተሰበሰቡበት ሰፈር፣ የወንዶች ቦታ ነውና አብረውኝ እንዲሄዱ ለምኛቸው ነበር። በሩ ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ።

«ፊውዝ ነው» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«አላዩትም እኮ፣ ጋሼ።»

«ሰብለ፣ ይኼ ፊዚክስ ነው። ማየት አያስፈልገውም።»

በሲቲን ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድን። በዋዜማው ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ተነሥቶ ስለነበር ዛፉም ግንቡም የቆመውም መኪና ቡናማ አቧራ ለብሷል። የቤት ሠራተኞች በየበሩ ውሃ እየደፉ ይጠርጋሉ። ጋሽ ብርሃኑ መስኮቱን ዘግተው ስለ ፊውዝ አስተማሩኝ። እኔ እጄ መሪው ላይ ሆኖ ጨርቁ የተላጠበትን ቦታ አገኘ፤ መኮንን የሚይዝበት ቦታ ነው። ትንሽ ዝቅ አድርጌ ያዝሁት።

አርካዊት፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል

አርካዊት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የመለዋወጫ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ፊውዙን አወጣና ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ደኅና ነው። ጋሽ ብርሃኑም ተቀብለው አዩት፤ ቅር አላቸው። «እንግዲያው የገዛሽው አምፑል ነው» አሉ።

ባለሱቁ ሁለቱንም አምፑሎች አወጣና አቀያየራቸው። የእኔ አዲሱ አምፑል በቀኝ በኩል ወለል ብሎ በራ። የቀኙ ደኅና አምፑል በግራ በኩል ቀላ ብሎ ቀረ።

«አምፑሉ ንጹሕ ነው፣ ያ ሐጃ» አለኝ። ጥቁር ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች ስላየ ሐጃ አለኝ እንጂ መካም ኢየሩሳሌምም አልሄድሁም። «በሽታው ሽቦው ውስጥ ነው። ሰናዒያ ሂጂ። ፈሕሶች ስምንት ሰዓት ይዘጋሉ፤ አትዘግዪ።»

ይህ ምክር ቀላል ነው፣ ግን ማወቅ ይገባል፤ አምፑል ከመግዛት በፊት ሁለቱን አቀያይሮ ማየት። ይህን ባውቅ ኖሮ የረቡዕ ድካሜ ይቀርልኝ ነበር።

ሰናዒያ

ኤርፖርቱን በስተቀኝ ትተን ወደ ምዕራብ ሄድን። ሰናዒያ ስንደርስ መሬቱ ከዘይት ብዛት ጥቁር ነው፤ መኪናው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆሟል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኡስታ፣ ማለት ባለሙያው፣ ባቢክር ይባላል፤ ወፍራም፣ ዝግተኛ ሰው ነው። እኔን አልፎ ጋሽ ብርሃኑን ሰላም አለ።

«መኪናው የእሷ ነው» አሉት ጋሽ ብርሃኑ በዐረብኛ።

«ባሏስ?»

«ሞተ።»

«አላህ የርሐሙ፤ ነፍሱን ይማር። መቼ?»

«ሃምሳ ሦስት ቀኑ» አልሁ እኔ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ሃምሳ ሦስት ቀን! ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሐብስ የለብሽም?»

በሱዳኖች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ለብሳ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። ሐብስ ይሉታል። ጎረቤቶቼም በየቀኑ ምግብ እያመጡ እንዳልወጣ በሬን ሲጠብቁልኝ ከርመዋል።

«እኛ ዘንድ ጥቁር እንለብሳለን እንጂ በር አንዘጋም፣ ያ ኡስታ» አልሁት። «ብዘጋስ ማን ይሠራልኛል?»

 ከዚያ ከሱቁ ወንበር አወጣ፣ በክንዱ ጠረገው፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጠውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው። ሰው እንዳያየኝ ማድረጉ ነው። አመስግኜ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆየሁና ተነሥቼ ወንበሩን ወደ መኪናዬ መለስሁት። አየኝ። «ሐበሺያ!» ብሎ ፈገግ አለና ኮፈኑን ከፈተ።

ገና እጁን ሳያስገባ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው «ያላ፣ ፈጡር!» ብሎ ተጣራ። አራት ሰዓት ሆኗል፤ የቁርስ ሰዓት ነው። በአንድ ጊዜ መዶሻው ሁሉ ዝም አለ። ጋሽ ብርሃኑ ሰዓታቸውን አሳዩት።

«ያ ኡስታ፣ ፈሕሱ ይዘጋብናል!»

«ፉሉም ይቀዘቅዛል» አለ ባቢክር፣ እጁን እየታጠበ።

ትልቅ ሳሕን ፉል መጣ፤ የሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ አይብ ያለበት። ሰባት ሰው ከበበው። ለእኔ ለብቻዬ በትንሽ ሳሕን ቀንሰው ሰጡኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ምግብ አፌ ውስጥ ገለባ ነበር። ያን ቀን ግን በላሁ፤ ሳሕኑን በዳቦ ጠረግሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሥራው የቀጠለው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ባቢክር ሽቦ የታሰረባት ትንሽ መሞከሪያ መብራት አወጣ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አሰረ፣ ሌላውን የግራው መብራት መሰኪያ ውስጥ ከተተ። መሞከሪያዋ በራች።

«ኃይሉ ይደርሳል» አለ። ቀጥሎ ያንኑ ጫፍ ከባትሪው አንሥቶ በመብራቱ በራሱ የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አሰረ። መሞከሪያዋ ጠፋች።

«ይደርሳል፤ መመለሻ ግን የለውም።»

የእኛ መካኒኮች ማሳ የሚሉት ሽቦ ነው፤ ከመብራቱ ተነሥቶ በብሎን ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰር። ባቢክር ከመብራቱ ጀርባ እጁን ሰዶ ሲዳብስ ቆየና የሽቦውን ጫፍ ጎትቶ አወጣ። ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ደግሞ የመኪናው ያልሆነ ቀይ ሽቦ በፕላስተር ተጠምጥሞ፣ ተቆርጦ ቀርቷል።

«ይኼን የሠራ አህያ ማን ነው?» አለ ባቢክር።

 ጋሽ ብርሃኑን አየኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለው የማያውቁት ሰውዬ ቀና አላሉም።

«ሰብለ፣ እኔ ነኝ» አሉ በአማርኛ። «በሣልስቱ ምሽት… መብራት የጠፋ ጊዜ።»

ትዝ አለኝ። ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተክሎ ካህኑ ዳዊት እየደገሙ ነበር። እኛ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ነን። የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ፤ የካህኑም ድምፅ ተቋረጠ። ያች ዝምታ ከቀብሩ ይልቅ ከበደችኝ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል አየሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ብርሃን በራ፣ ንባቡም ካቆመበት ቀጠለ። በጨለማው ሰፈር ብርሃን ያለው እኛ ጋ ብቻ ስለነበር ሱዳን ጎረቤቶቻችን ከየበራቸው እየተነሡ መጡና ድንኳኑ ሞላ። ጀነሬተር ያለው ሰው የረዳን መስሎኝ ነበር። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«የመኪናውን የግራ መብራት ሽቦዎች ፈትቼ፣ እስከ ድንኳኑ ሽቦ ስቤ ነው ያበራሁት» አሉ ጋሽ ብርሃኑ። «ሲያልቅ ፖዘቲቩን መልሼ አሰርሁ። ማሳውን ረሳሁት። ‹ዑደቱ ካልተዘጋ አይበራም› እያልሁ ስንት ዓመት ልጅ ያስተማርሁ ሰው! እኔ እኮ አንቺን መጥቀሜ ነበር።»

መቆጣት የሚገባኝ ይሆናል። «ጠቅመውኛል፣ ጋሼ» አልኋቸው። 

«ምን ይላል?» አለ ባቢክር። በዐረብኛ ነገርሁት። ሽቦውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ጋሽ ብርሃኑን ትከሻቸውን መታ አድርጎ «ወላሂ፣ አህያ ያልሁትን መልሻለሁ» አለ። ትርፉን ቀይ ሽቦ ቆርጦ ጣለው፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቆ ብረቱን አወጣ፣ ማሳውን አሰረ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጋሽ ብርሃኑ ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል። በመጨረሻ ግራው እንደ ቀኙ በራ። ስንለያይ ባቢክር መዳፎቹን ዘርግቶ ለመኮንን ጸለየ፤ እኔም አማተብሁ።

ፈሕስ፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው

መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ከሩቅ ስናይ ዘበኛው የብረቱን በር እየገፋ ነው። «አቁሚ» አሉኝ ጋሽ ብርሃኑ፣ ወረዱና በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ደርሰው ሊጣሉት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የዘበኛውን እጅ ጨብጠው የሱዳንን ሰላምታ ጀመሩ። «ኬፍ? ተማም? ኢንሻአላህ ተይቢን? ልጆቹስ? እናትህስ? ሀቡቡ ምን አደረጋችሁ?» በዚህ አገር ሰላምታ ሳያልቅ እጅ አይለቀቅም። ሰውዬው በግራ እጁ በሩን እንደያዘ «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ፣ ቤትህስ» እያለ መለሰ። እኔ በቀረችው ክፍተት ቀስ ብዬ ገባሁ። የጎን መስታወቴ የበሩን ብረት ነካ።

ተቆጣጣሪው የደከመው ወጣት ፖሊስ ነው። ፍሬቻ፣ ፍሬን፣ ጥሩምባ አየ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆሞ እጁን አነሣ፤ ረጅሙን አበራሁ። ዝቅ አደረገ፤ አጭሩን አበራሁ። ወደ ግራው ጠጋ ብሎ ቆየ።  የፈሕሱም የፈቃዱም ወረቀት ላይ ማኅተም መታ፣ ሳያየኝ «ሂጂ» አለኝ።

ጀሪፍ

ጋሽ ብርሃኑን ማንሺያ አድርሼ ዐሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው። መብራት ሲጠፋ አምፑሉን አቀያይሩ፣ ፊውዙን እዩ፣ ቀጥሎ ማሳውን ፈልጉ። ሌላው ለራሴ ነው። ከሞቱ በኋላ በቤቴ የተበላሸውን ሁሉ ሐዘን ያበላሸው ይመስለኝ ነበር። ይህን አንዱን ያበላሸው ግን ለመኮንን ዳዊት እንዲነበብ የፈለገ ሰው ነው። ሌላውንም ነገር ሁሉ ከመጥላቴ በፊት ከፍቼ ማየት ይኖርብኛል።

ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ከምናመላልሳቸው ልጆች ለመንትዮቹ እናት ደወልሁላት። ወላጆቹን ወክላ የምታነጋግረኝ እሷ ናት።

«አለፈች» አልኋት።

«ተመስገን! ማን ሊነዳት ነው?»

«እኔ።»

 ከኋላዋ ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

«ሰብልዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እነዚህ ልጆች ‹ጋሼ መኮንን የት ሄደ› እያሉ መንገዱን ሙሉ ይጠይቁሻል። ትችይዋለሽ?»

«አላውቅም» አልኋት። «ግን እሑድ አንድ ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው» አለች፣ «ምሳቸውን ቀደም ብዬ እቋጥራለሁ።»