ከባሏ የደበቅነው

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቱን ያዘው። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻ ሲያስል ይውላል፤ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሐኪሙ «ከተቻለ ብርዱ እስኪያልፍ ሞቅ ወዳለ አገር ሄደው ይቀመጡ» አለው። ሞቅ ያለ አገር ሲባል ለእኛ አሶሳ ማለት ነው። በወጣትነታችን እሱ በመንገድ ቀያሽነት፣ እኔ በአስተማሪነት ሰባት ዓመት ኖረንበታል። የመጀመሪያ ልጃችንም የተወለደችው እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ቤታችንን ቆልፈን አሶሳ እንሄዳለን፤ የካቲት ሲያልቅ እንመለሳለን። የምንከራየው ግቢ ከገበያው ብዙ አይርቅም። በአንድ መስመር የተሠሩ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ከፊታቸው ረጅም በረንዳ፣ ከበረንዳው ፊት ትልቅ የማንጎ ዛፍ። የግቢው ባለቤት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ናቸው። መካ ደርሰው ስለመጡ ሁሉም ሰው ሐጃ ይላቸዋል። ቤቶቹን ያሠሩት ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ለማከራየት ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀስ በቀስ ብርድ ሸሽተን የምንመጣ ጡረተኞች ያዝነው።

ሐጃ አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለዩም። ባለቤቴን በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አይተውት «አንቺ ደረትህ ያምሻል አሉ፤ እዚህ ይሻልሻል» አሉት። እሱም እጅ ነስቶ «እሺ፣ ይሻለኛል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሳቸው እኔ አንተ ነኝ፣ እሱ አንቺ ነው።

ጎረቤቶቻችን የመጡት እኛ አሶሳ መመላለስ በጀመርን በሦስተኛው ዓመት ነው። እሱ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣ እሷ ነርስ ነበሩ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ቡለን ነው። ጡረታ ሲወጡ ዳንግላ ቤት ሠርተው ገቡ፤ ግን የቆላውን ፀሐይ ለምደው ብርዱ አልስማማ አላቸው። ቡለን እንዳይመለሱ የዚያን ጊዜ መንገዱ አላስተማመናቸውም። አሶሳን የመረጡት ለዚህ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ያዙ።

በስልሳ ሦስት ዓመቴ አዲስ ጓደኛ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ ሰው ያለውን ይቆጥራል እንጂ አዲስ አይጨምርም። እሷ ግን በመጣች በሳምንቷ ቁርሷን ይዛ እኔ በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፏ ላይ ያለውን የማትውጥ ሴት ነበረች። ባሏ በተቃራኒው ዝግ ያለ፣ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» የሚል፣ ቤት ውስጥ እንኳን ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። «አርባ ዓመት ከችሎት ጋር ነው የኖርኩት» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትበርድ ሁሉም ወንበሩን ወደ ማንጎው ያወጣል። ወንዶቹ ዳማ ይጫወታሉ። እኛ ከሐጃ ጋር ከቀይ አበባ የሚፈላውን ከርከዴ እየጠጣን ባሚያ እንከትፋለን። ከዚያ አራታችን ካርታ እንይዛለን፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን። እሷ ታጭበረብር ነበር። ባሏ ያውቃል፤ ግን «ማስረጃ የለኝም» ብሎ ይተዋታል። እሑድ እሑድ አብረን እንበላለን። አንዱ ካመመው ሌሎቹ ይጠይቁታል። ልጆቻችን ሲደውሉ ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር።

በሁለተኛ ዓመታቸው፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ ልብስ ስናጥብ ቀኝ እጇን እንደማታዘው አየሁ። ሸሚዙን በአንድ እጇ ነው የምትጨምቀው።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

እጄን ይዛ ወደ ክፍሌ አስገባችኝ፣ በሩን ዘጋችው፣ እጄን ቀሚሷ ውስጥ ከጡቷ በላይ አስቀመጠችው። እንደ ድንጋይ የጠነከረ እብጠት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት። ነርስ ነኝ፣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አትንገሪኝ።»

ሆስፒታል ካልሄድሽ አሁኑኑ ለባልሽ እነግረዋለሁ አልኳት። በማግስቱ ባሚያ ልንገዛ ነው ብለን ወጣን። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ መረመራት። በመጨረሻ «በፍጥነት አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት» ብሎ ወረቀት ጻፈላት። ስንወጣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እውነትም ገበያ ሄደን ባሚያ ገዛን፤ ባዶ እጃችንን እንዳንገባ።

መንገድ ላይ ቆመች። «አሁን ስሚኝ» አለችኝ። «እህቴ በዚሁ ነው የሞተችው። ሁለት ዓመት አስታመምኳት። ከታወቀ በኋላ አንድ ቀን እንኳን ስለሌላ ነገር ያናገራት ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር። ለእሱ ብነግረው ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ነን። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ብቻ ነኝ። እስከ የካቲት ብቻ ተይኝ። ይህን በጋ ሰው ሆኜ ልጨርስ። ቤታችን ስንገባ እነግረዋለሁ።»

«እስከዚያ ቢብስብሽስ?»

«ብሷል እኮ» አለች።

አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ቃል አስገባችኝ፤ ገባሁ። ለባለቤቴም እንዳልነግር አስማለችኝ፤ እሱ ፊቱ ላይ ምንም መደበቅ እንደማይችል ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር በሕይወቴ ከባዱ ነው። ጠዋት ባሏ «እንዴት አደሩ?» ሲለኝ ዓይኑን ማየት አልችልም። ተደብቃ የዋጠችው የሕመም ማስታገሻ ኃይሉ ሳይጠፋ ካርታ ይዛ ስትቀልድ አብሬ እስቃለሁ። አንድ ሁለቴ ልናገር ተነስቼ ነበር። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ ጋዜጣ ሲያነብላት፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ አየሁና ተመለስኩ።

ጥር ላይ የሐጃ የልጅ ልጅ ሆሞሻ በምትባል ከተማ ተዳረች፤ ሁላችንንም ይዘውን ሄዱ። ከቅል የተሠሩ ረጃጅም ጥሩምባዎች የሚነፉ ሰዎች ይሽከረከራሉ፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይከተሏቸዋል። እሷ ጫማዋን አውልቃ መሃል ገባች። ግራ እጇን ብቻ እያነሳች ጨፈረች። ባሏ፣ ያ ቁጥብ ሰው፣ ኮቱን አውልቆ እያጨበጨበ «የኔ ሚስት ናት! የኔ ሚስት ናት!» እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ስንመለስ መኪናው በኮረኮንቹ መንገድ በተንገጫገጨ ቁጥር እጄን ትጨብጠዋለች። እሱ ከፊት ተቀምጦ ከሾፌሩ ጋር ስለ ዝናብ ያወራል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ተሰነባበትን። አቅፋ ስትስመኝ «አደራ፣ እንዳትቀሪ» አለችኝ፣ ለከርሞው መሆኑ ነው። ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቅ ነበር።

ቤቷ ገብታም አልነገረችውም። ሚያዝያ ላይ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት ነው ያወቀው። አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ዘግይቷል ተባለ። ሰኔ ውስጥ አረፈች። መርዶውን የነገረን እሱ ራሱ ነው፤ በስልክ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። መንገዱ ስላልተመቸ ለቅሶ እንኳን አልደረስንም።

በኅዳር አሶሳ ስንደርስ ይመጣል ብለን አላሰብንም። በሳምንቱ አንድ ሻንጣ ይዞ ከባጃጅ ወረደ። ሸሚዙ እንደ ድሮው እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ግን አንገቱ ቀጥኖ ሸሚዙ ሰፍቶበታል። ባለቤቴ ሄዶ አቀፈው። እኔም ስሄድ እጁን ወደፊት ዘርግቶ አስቆመኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ልብሷን ሳወጣ ሻንጣዋ ውስጥ አገኘሁት። የታኅሣሥ ቀን አለበት። ከእርስዎ ጋር ባሚያ ልትገዛ የወጣችበት ቀን ነው። ያውቁ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አዎ፣ አውቅ ነበር» አልኩ።

ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። «የአዲስ አበባው ሐኪም ‹ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ› አለኝ። እኔም ‹አላወቀችም ነበር› አልኩት።» ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ ክፍሉ ገባ።

ባለቤቴ ቆሞ ያየኛል። ቤት ስንገባ «ከእሱ ጋር ዳማ ስጫወት አጠገቤ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«ምያለሁ እኮ።»

«ለእኔም ላትነግሪ?» አለ። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ለብዙ ቀን ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒቱ ብቻ ሆነ።

ሰውየው ስድስት ሳምንት እዚያው ግቢ አብሮን ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳን ሰላም አላለኝም። ከባለቤቴ ጋር ዳማ ይጫወታል። እኔ ወንበሬን ሳወጣ እሱ የእሱን ያስገባል። ሌሎቹ ተከራዮች ነገሩን ሲያውቁ አንዳንዶቹ ፈረዱብኝ፤ አንዳንዶቹ አዘኑልኝ። ማዘናቸው ባሰብኝ። ካርታ መጫወት ቀረ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ውዬ አድር ነበር። ነግሬው ቢሆን ትድን ነበር? እሷ ነርስ ናት፣ «ብሷል» ብላኛለች። ግን እሷ ያለችውን ብቻ ነው የማውቀው። ሐኪሙን እኔ ራሴ ለምን አልጠየቅሁትም? ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

አንድ ጠዋት ሐጃ መጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ። «አንተ ሂድ፣ ንገረው» አሉኝ።

«ምኑን ሐጃ? አያናግረኝም።»

«እሱ ክርክር አይፈልግም። ሚስትሽን ነው የሚፈልጋት።» ሚስቱን ማለታቸው ነው። «ሁለት ወር አንተ ጋ ነው ያለችው። እሱ አላየችም። አንተ አይተህ። ሂድ፣ ስጠው።»

ወንበሬን ይዤ ሄጄ እሱ ከተቀመጠበት በር አጠገብ ተቀመጥኩ። አልገባም፣ አልተነሳም። መናገር ጀመርኩ። ልብስ ስታጥብ ካየኋት ቀን ጀመርኩ። ስለ እህቷ ያለችውን፣ «ሰው ሆኜ ልጨርስ» ያለችውን፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። ፀሐይዋ ከበረንዳው እስክትወርድ ድረስ አወራሁ።

«ሆሞሻ፣ ሠርጉ ላይ፣ ያማት ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«መኪናው ውስጥ በጣም አሟታል። ስትጨፍር ግን እኔ እንጃ። የእርስዎን ጭብጨባ ስትሰማ ዞራ ስታይዎት ነበር።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ከዚያ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገና «እኔ ደካማ መስያት ነበር ማለት ነው?» አለ።

«አይደለም። እርስዎ ሲያዩዋት እንደ ድሮዋ እንዲያዩዋት ነው የፈለገችው።»

«መብቷ ነው» አለ። «የእኔስ? ሁለት ወር ተሰርቆብኛል። እሷን አልጠይቃትም። የምጠይቀው እርስዎን ብቻ ነው።»

«ይጠይቁኝ» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ካሰበው ሁለት ወር ቀድሞ፣ ባሕር ዳር ወደምትኖረው ልጁ ሄደ። ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ። ይቅር አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ባለቤቴ ባጃጁ እስኪጠመዘዝ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ «ከእንግዲህ እኔና አንቺ አንደባበቅም፣ ማን ቢያስምልሽም» አለ። «እሺ» አልኩት። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ተቀመጠ። ከኅዳር ጀምሮ እንደዚያ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ አልመጣም። ክፍሉን ከኩርሙክ የመጡ ነጋዴ ቤተሰቦች ይዘውታል፤ ሕፃን ልጅ ስላላቸው ግቢው ይጮሃል። በገና ዕለት ደወልኩለት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ። ድምፁ ደክሟል። «አሶሳ ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ማንጎው አብቧል።»

«ለሐጃ ሰላም ይበሉልኝ።»

«እሺ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እኔ አለሁ» አለ። ከዚያ ስልኩን ለልጁ ሰጣት። ልጁ ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቻችን ጠየቀችኝ፤ እኔም የእሷን ጠየቅኳት። ድምፅዋ የእናቷ ነው። ስንጨርስ ስልኩን አስቀምጬ የእሱን ሰላምታ ለሐጃ ላደርስ ወጣሁ፤ ባለቤቴም ወንበሩን ይዞ ተከተለኝ።