ከሰላምታው በኋላ የመጣው ሙሾ

ካሴቱን ጅዳ ድረስ ያመጣችልኝ የአገሬ ልጅ ናት። «እናትሽ ሰላምታ ቀድተውልሻል» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ የምታውቀው አልነበራትም። ያኔ እኛ ጋ ደብዳቤ ከማስጻፍ ድምፅ ቀድቶ መላክ ይቀል ነበር። አሠሪዎቼ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቴፑን ከፈትኩት።

እማዬ ናት። «እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺስ እንዴት ነሽ?» ትልና ዝም ትላለች፤ የምመልስላት መስሏት! ቀጥላ አባቴን ትጣራለች። «ኧረ ይምጡ፣ አንድ ቃል ይበሏት!» መልስ የለም። «አባትሽ ከብረት ጋር አላወራም ብለዋል» ብላ ሳቀች። እኔም ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ቴፑ ቀጭ አለና ለቅሶ ገባ። የእኛ ሸሆች ሙሾ ይከለክላሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ሰምተዋቸው አያውቁም። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

ጋራው ተንሸራቶ ወረደ ከደጄ፣
አፈር እየጫርኩኝ አለቀብኝ እጄ።

ጋራውን አውቀዋለሁ። ክረምት በበረታ ቁጥር ስንጥቁ ሲሰፋ እያየን ነው ያደግነው። ግን ማንን ወሰደ? የሟች ስም አይጠሩም። ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጠፍኩ።

በሬው ተፈቶማ ወጣ ከነነፍሱ፣
የፈታው እጅ ቀረ አፈር ሆነ ልብሱ።

በቤታችን በሬ የሚፈቱት አባቴ ናቸው። እማዬማ ቀንድ ስታይ መንገድ ትቀይራለች፤ ስንቴ ስቀንባታል! እሷን ደግሞ አሁን ደህና ነኝ ስትል ሰምቻታለሁ። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይላክም፤ ሲመለስ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው። እናቴ ለእኔ ብላ የሞተ ባሏን እንዳለ አድርጋ ተጣራች፣ ሳቀችም። ወይ እናት! አንጀቴን በላችው።

ማወቄን ለማንም አልተነፈስኩም። አባቴን ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኳቸው፤ ሽንኩርት የማይገባበት ምግብ ውስጥ ሁሉ ሽንኩርት ገባ። እመቤቲቱ ጮኸችብኝ፤ ትጩኽ!

ኮንትራቴ ሲያልቅ ተመለስኩ። አውቶቡሱ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም ሲያወርደኝ ዘመዶች ጠብቀው ወደ አክስቴ ቤት ወሰዱኝ። ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ።

ከመሃላቸው አባቴ ተቀምጠዋል።

«አባዬ!» ብዬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ሳቅሁ፣ ጮህኩ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ፊታቸውን በእጄ ዳበስኩት፤ ሙቀት አለው። ሽማግሌዎቹ ግን አቀርቅረዋል። ያኔ ነው ከጎናቸው የተጋደመውን ምርኩዝ ያየሁት።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ እግሬ ተሰበረ» አሉኝ አባቴ። «ከዚያ ወዲህ በሬ የምትፈታው እናትሽ ነበረች።»

ያቺ ቀንድ የምትፈራዋ። እኔ የማውቀው ትቼው የሄድኩትን ቤት ነበር።

እማዬ ሰላምታውን የቀዳችው ጋራውን ካወረደው ዝናብ በፊት ኖሯል። ሳይላክ ሰነበተና በለቅሶዋ ቀን አንድ ዘመድ በተረፈው የካሴቱ ክር ላይ ሙሾውን ቀዳበት። ለመንገደኛዋ የሰጣት ሌላ ሰው ነው፤ ሰላምታ ብቻ መስሎት።

ሌሎቹ ሲያለቅሱ አባቴ አላለቀሱም። «ድምጿ አለሽ?» ብቻ አሉኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ የአክስቴ ቴፕ ውስጥ ከተትኩት።

«እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለች እማዬ። ጠብቃ ጠብቃ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ኧረ ይምጡ፣ አንድ ቃል ይበሏት!»

«መጣሁ» አሉ አባቴ፤ ምርኩዛቸውን በእጃቸው እየፈለጉ። «መጣሁ፣ መጣሁ።»