ለልጅ ብቻ የሆነች ድስት

ረቡዕ ረቡዕ፣ እናቶችን የልጅ ገንፎ አሠራር የምታስተምር አንዲት ሴት ፋሲሎ ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ዋርካ ሥር ትመጣለች። ስሟን የጠየቃት የለም፤ እናቶቹ «የገንፎዋ እትዬ» ይሏታል። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ካሮቱን ትፍቃለች፤ ጎመኑን ታደቅቃለች፤ ከዘንቢሏም እንደ መስታወት የምታበራ ትንሽ ድስት ታወጣለች።

«ሕፃን አይጾምም፤ ቄሱም ነግረዋችኋል» አለች ዛሬም፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ እንቁላሉን ገንፎው ላይ እየሰበረች።

እናቶቹ እንደ ወትሮው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ዶሮዎቻቸው የጣሉትን እንቁላል ለገበያ እንደሚያወጡት ታውቃለች። የመቅደላዊት ልጅ ክንድ ዛሬም ከሐይቁ ዳር ደንገል አገዳ አልወፈረም።

«ምነው እናንተ! ለዚህ ዋርካ ብነግረው እስካሁን ይሰማኝ ነበር!» ብላ ማማሰያውን ወረወረችው።

«አይቆጡ፣ እትዬ» አለች መቅደላዊት አንገቷን ደፍታ። «ያለችኝ ድስት አንዲት ናት። እንቁላል ከነካት የጾሙን ወጥ በምን ልሥራው? አማቴስ ምን ይሉኛል?»

«ደግሞስ እርስዎ ለልጅዎ በጾም እንቁላል ሰጥተዋል?» አለች አንዷ ከኋላ። ሴቶቹ ሳቁ።

እትዬዋ ግን አልሳቀችም። ገንፎውን ለልጆቹ አካፍላ ስታበቃ፣ ድስቷን በአመድ አሸት አሸት አድርጋ አጠበቻት።

«እኔም አንዲት ድስቴን አላረክስም ብዬ ፋሲካን ጠበቅሁ» አለች። «ልጄ ግን ለፋሲካ አልደረሰም።»

ድስቷንም መቅደላዊት ጭን ላይ አኖረቻት።

«ለልጅሽ ብቻ ትሁን» አለቻት፣ ቁጣዋ ገና ከፊቷ ሳይወርድ። «ፋሲካን እንዳትጠብቂ።»