ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ልጄን ያስቀመጥሁበት ቤት

የዚያን ቀን ቂርቆስ ቤቴ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ከወንዱ ወገን የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ቄስ። በእኛ በኩል ታላቅ ወንድሜ፣ የሟች ባለቤቴ አጎትና የእድራችን ሰብሳቢ። ከመጋረጃው ጀርባ እኔ፣ ለጋብቻ የምትጠየቀው ትልቋ ልጄ፣ ወጥ ልታግዘኝ የመጣች ጎረቤቴ። ትንሿ ልጄ አልነበረችም። ጠዋት ይዣት ወጥቼ ካዛንቺስ ሰው ቤት አስቀምጫት ተመልሻለሁ።

ትንሿን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ነው የጀመራት። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ መስኮት መዝጋት አመጣች። ሰፈሩ በሙሉ ስለ እሷ የሚያወራ ይመስላታል። ሱቅ ስልካት «ይስቁብኛል» ብላ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ትምህርቱንም ተወችው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የበሽታውን ስም አላውቅም። የማውቀው ሰው የሚለውን ነው፤ «ለክፏት ነው»፣ «ዓይን ነው» የሚለውን። ጠበል አስጠመቅኋት። ሐኪም ቤት ግን አልወሰድኳትም። ጠበል ማንም ይሄዳል፣ ለምን ሄድሽ የሚል የለም። የአእምሮ ሐኪም ቤት በር ላይ ከታየሁ ግን ምን እላለሁ? እውነቱ ይሄ ነው።

ትዳር ሲታሰብ ደግሞ ዘር ይጠየቃል። የልጁ እናት ስለ ቤታችን ሰፈር ውስጥ እንዳስጠየቀች ሰምቼ ነበር። በትንሿ ምክንያት የትልቋ ትዳር ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ወንበራችንን ናቃችሁት?» አለ ወንድሜ።

«ቃላችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆማችሁ መክረማችሁ ነው። እኛ ቤት ቃል ቶሎ አይወጣም።»

ሳቅ ሆነ። ነገሩ ካለቀና ከተቀመጡ በኋላ ቄሱ፣ «ታናሽ እህት አለቻት ሲባል ሰምተናል፤ የታለች?» አሉ። የባለቤቴ አጎት ወደ መጋረጃው ዞር አሉ። ብቅ ብዬ፣ «ፈተና ላይ ናት፣ አባቴ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይርዳት» አሉኝ። ትልቋ ልጄ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ነበር።

ልጄን ያስቀመጥኩት እትዬ የምላቸው ሴትዮ ቤት ነበር። ድሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ክበብ ወጥ ቤት አብረን ሠርተናል። ጡረታ ወጥተው ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጠዋት ሳደርሳት፣ «ትንሽ አሟታል፣ እንግዶች እስኪሄዱልኝ እርስዎ ጋ ትረፍ» አልኳቸው። ልጄን አዩ፣ እኔን አዩ። «ተዪያት» ብቻ አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ከድግሱ በሳህን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ተከፍቷል። ልጄ ሽሮ ትበላለች። ጠረጴዛው ላይ የክኒን ዕቃ አለ።

«ይሄ የምን መድኃኒት ይመስልሻል?» አሉኝ እትዬ።

«የደም ግፊትዎ ነዋ።»

«ግፊት የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም።»

ነገሩ አልገባኝም። ክበቡ ውስጥ ክኒን ሲውጡ እናይ ነበርና ሁላችንም የግፊት በሽተኛ ናቸው ብለን የእሳቸውን ወጥ ለብቻ ያለ ጨው እንሠራ ነበር። ማንም አላዘዘንም፤ ለእሳቸው ብለን ነው።

«ጡረታ እስክወጣ ጨው የሌለው ወጥ አበላችሁኝ» አሉ። «ጨው ጨምሩልኝ ብል የምን ክኒን ነው ልትሉኝ ነው። በቃ፣ ቻልኩት።»

ልጄ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«የአእምሮ ነው» አሉኝ። «አንቺ ሳታገቢ ጀምሮ እውጠዋለሁ። እኔንም የጀመረኝ በእሷ ዕድሜ ነው። እኔን በገመድ ነበር ያሰሩኝ። አንቺ በታክሲ አመጣሻት። እሱም መሻሻል ነው።»

የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ጊዜ ልጄ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ የት ናት ሲሉሽ ምን አልሻቸው?» አለችኝ።

«ፈተና ላይ ናት አልኩ።»

«አልፌ ይሆን?» አለች።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት የወሰዱን እትዬ ናቸው። እኔ በሩ ጋ ስደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ እሳቸው ደግሞ የጥበቃውን ልጅ ስለ ቤተሰቡ እየጠየቁ ገቡ። ወንበሩ ላይ እናቱ ጭን ላይ የተኛ ሕፃን፣ ከረባት ያሰረ የቢሮ ሰው፣ ልጃቸው የደገፋቸው አዛውንት ነበሩ። ይሄ የወጣት ልክፍት ነው ስል ኖሬ፣ ሁሉም ዕድሜ ተሰልፎ አየሁ። ሐኪሟ እኔን ሳይሆን ልጄን አናገረቻት። ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ሳትጠይቁኝ እንዳታቋርጡ አለችን። መጀመሪያ ላይ ልጄ እንቅልፍ ብቻ ሆነች፣ ወፈረችም። መጠኑ ተስተካከለላት። አሁን በማታው ክፍል ትማራለች። ክፉ ቀን አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣ ራሷ ትነግረኛለች።

ለትልቋ፣ «ባልሽ እንዳይሰማ ተጠንቀቂ» ስላት፣ «ያውቃል እኮ። ገና ስንተዋወቅ ነግሬዋለሁ። አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?» አለችኝ። እናቱ ግን አታውቅም ነበር።

ለሠርጉ እትዬን አልጠራኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ሕመማቸውን አይደብቁም ነበር፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። አማቾቹ ፊት ስለ ልጄ ቢያወሩስ ብዬ ነው። ትንሿ ድንኳኑን በዓይኗ ዞራ ዞራ፣ «እትዬስ?» አለችኝ። «ጥሪው አልደረሳቸውም መሰለኝ» አልኳት። ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። በማግስቱ ደውለው ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አፍሬ አላነሳሁትም። ነገ እደውላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ።

በመሐል ካዛንቺስ ፈረሰ። ሰፈሩ ሊነሳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዕቃ እንኳ ላግዛቸው አልሄድኩም። በኋላ ከትንሿ ጋር ሄድን። ቤታቸው የነበረበትን ለይቼ ማሳየት አቃተኝ፤ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ስልካቸው አይሠራም። አንዷ የድሮ ጎረቤታቸው ገላን በኩል ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል አለችን። ሄደን ጠየቅን፣ የሚያውቃቸው አላገኘንም። ሌላው የእህታቸው ልጅ ደብረ ብርሃን ወስዷቸዋል ይላል። ትንሿ ለክትትል በሄደች ቁጥር ወንበሩን ሁሉ አይታ ትመጣለች። «ዛሬም የሉም» ትለኛለች። እኔን የሚያስፈራኝ መድኃኒታቸው ነው። ሰፈር ሲለውጡ ማን ያመላልሳቸዋል? ካቋረጡስ?

ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ በግራ ክንዳቸው ላይ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው ሴትዮ ናቸው። ካዛንቺስ ብዙ ዓመት ኖረዋል። የት እንዳሉ፣ መድኃኒታቸውን እያገኙ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩን።