ጎረቤቱን ጠይቁት

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። "ጎረቤት" ነው የሚሏት። "ጎረቤት ገብታለች?" "እስቲ ይሄን ለጎረቤት አሳያት።" አዲስ የመጣ ሠራተኛ ይሄን ሲሰማ ቤቷ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ይመስለዋል። ኧረ የት አባቷ! እዚያ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት።

ስሙን ያመጣባት ሥራዋ ነው። ፓቶሎጂስት ናት። ከሰው ገላ የወጣ ሥጋ በስሱ ተሸንሽኖ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎና ቀለም ጠጥቶ ሲቀርብላት በማይክሮስኮፕ አይታ ሕመሙን ትለያለች። ዕድሜዋን የፈጀችው በጡት ካንሰር ነው። "ይሄ ካንሰር ነው፣ ይሄ አይደለም" ብሎ መለየቱ ብቻ አያረካትም፤ ሁልጊዜ የምታሳድደው "ይሄ ዕጢ ወዴት ሊሄድ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ነው። ቸኩሎ ይዛመታል ወይስ አደብ ገዝቶ ይቀመጣል? በምንስ ይገራል? ይሄን ሁሉ እያወቀች ግን አስታማሚ መጥቶ "ዶክተር፣ ስንት ጊዜ አላት?" ሲላት ግንባሯን ትቋጥራለች። "እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም" ትላለች። ለማንም ሰው ጊዜ ቆርጣ አታውቅም።

ገና ጀማሪ ሳለች ነው ነገሩ የገባት። የጡት ዕጢ የሴት ሆርሞን የሚቀበል ከሆነ በምርመራው ቀለም ቡናማ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይገራዋል። ቀለሙን እምቢ ካለ ግን ክኒኑ አይረዳውም፣ መንገዱም ይከብዳል። እሷ ጋ ታዲያ እምቢ ባዩ በዛባት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ክፉ ክፉው ዕጢ ብቻ ይደርሳታል እንዴ? አንድ ቀን ዕጢውን ትታ በዚያው መስታወት ላይ አጠገቡ ያለውን ጎረቤቱን፣ ጤነኛውን የወተት ቧንቧ፣ አየች። ጤነኛው ሁልጊዜ ጥቂት ቀለም መጠጣት ነበረበት፤ እሱም ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል!

ጥፋቱ የዕጢው አልነበረም። ሥጋው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥጋን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ ወይም ሳይሰነጠቅ እንዳለ ይነከርና ፎርማሊኑ ወደ ውስጥ ሳይደርስ መሀሉ ይበላሻል። የተበላሸ ሥጋ ደግሞ ቀለም አይጠጣም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው፤ የሐኪሞቹ መዘግየት በዕጢው ላይ ተላከከ፤ መዘዙ ግን ለታማሚዋ ተረፈ።

ይሄን በስብሰባ ብታነሳ የቀዶ ሐኪሞቹ አለቃ ተነሱባት። "እና ጥፋተኛው ቢላዬ ነው?"

"ቢላዎትስ ምን አደረገ ዶክተር? ከቢላው በኋላ እርስዎ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ መቅረቱ ነው እንጂ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃው ግን ለዓመታት ሰላምታ ነሷት። እሷ እቴ! የድሮ ናሙናዎችን ከመጋዘን እያወጣች፣ እንደ አዲስ ቀለም እያስነከረች፣ የሴቶቹን የኋላ ታሪክ እየተከታተለች ጥናቷን ገፋችበት። ለደቀ መዛሙርቷም አንድ ነገር ነበር የምትደጋግመው፤ "ዕጢውን ከመክሰሳችሁ በፊት ጎረቤቱን ጠይቁት።" በመጨረሻ ጥናቷ ታትሞ የሆስፒታሉ ደንብ ሆነ። ቅጽል ስሙም የዚያን ጊዜ ተለጠፈባት።

ቤትም ቢሆን ከዚህ ወሬ ማንም አላመለጠም። ከሁሉ በላይ የሰለቻት ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች በእጇ ያሳደገቻት፣ ልብስ ሰፊ፣ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ። "እትዬ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ለማለት ይሄን ሁሉ ዓመት ተማርሽ?" ትላታለች።

የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው? ዕብጠቱ የተገኘው በዚችው እህት ጡት ላይ ነው።

ታላቂቱ የእህቷን ናሙና ራሷ ማየት አልፈለገችም። "ፍቅር ዐይን ያሳውራል" ብላ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላከቻት። መጀመሪያ በመርፌ ናሙና ተወሰደና ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ከዚያ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የሆርሞን ምርመራው የተሠራውም በዚያ በወጣው ዕጢ ላይ ነው። ውጤቱ እምቢ ነበር። ፍጹም እምቢ።

እንዲህ ያለ ውጤት ያላቸው ሴቶች ምን እንደገጠማቸው የጻፈችው ታላቂቱ ራሷ አይደለችም? የእያንዳንዷ ታሪክ ፊቷ ላይ ተደቀነ። ናሙናው የተለጠፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ አምጡልኝ አላለች፣ ማን አየው አላለች፣ ዝም ብላ አመነች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት እንዲህ ነው።

እህቷ ሱቅ ስትደርስ የስፌት መኪናው ይንጫጫል። ታናሺቱ ከታመመች ጀምሮ ለታላቋ ኮት እየሰፋች ነው፤ እንደዚያ በጥድፊያ ስትሰፋ ታይታ አትታወቅም። ለምን እንደምትጣደፍ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አፍ አውጥተው ግን አልተነጋገሩበትም።

"ውጤቱ መጣ" አለች ታላቂቱ። "ቀለሙን አልጠጣም። ክኒኑ አይሆንሽም የኔ እናት።" እንባዋ ቀደማት።

ታናሺቱ መኪናውን አቆመች። እንደ ልማዷ ለመቀለድ ያህል፣ በተሰበረ ድምፅ "ጎረቤቱስ ምን አለ?" አለች።

ታላቂቱ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን ሆንሽ? እኔ እኮ ልቀልድ ነው..."

"አልጠየቅኩትም!" አለች። "በሞትኩት! እኔ ራሴ አልጠየቅኩትም!"

ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ስላይዱን አስመጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች፤ ዕጢውን ዘላ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ሄደች። ነጭ ነው! እንደዚያ ነጭ የሆነ ነገር አይታ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ብትጠይቅ፣ ዕጢው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳይሰነጠቅ ቅዳሜና እሑድን እንዳለ ተነክሮ ከርሟል። በመርፌ የተወሰደችው ትንሿ ናሙና ግን ያኔውኑ ፎርማሊን ውስጥ ገብታ ነበር። ያቺ የመርፌ ናሙና ተፈልጋ በእሷ ላይ ቀለሙ እንደገና ይሠራ ተባለ።

ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ እንቅልፍ በታላቂቱ ዐይን አልዞረም። ጎረቤቱ ነጭ ሆነ ማለት ዕጢው ይጠጣል ማለት እንዳልሆነ ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

አዲሱ ስላይድ ሲመጣ መጀመሪያ ጎረቤቱን አየች፤ ቡናማ። መስታወቱን ወደ ዕጢው ገፋች። ዕጢውም ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ለብሶ ቁጭ ብሏል።

"እፎይ!" አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሰው መኖሩን ረስታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የሥራ ባልደረባዋ ደንግጦ "ጎረቤት፣ ምነው? ምን መጣ?" ቢላት "ጠጣ! ጠጣ እኮ!" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ወዲያው እህቷ ጋ ደወለች። "ጠጥቷል። ክኒኑ ይሆንሻል። አንቺ ባትቀልጂ ኖሮ እኔ..." ብላ መጨረስ አቃታት።

ከወዲያ በኩል ጨርቅ ሲተረተር ተሰማ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኮትሽን እየተረተርኩት ነው" አለች ታናሺቱ፣ በእንባና በሳቅ መሀል። "በጥድፊያ የሰፋሁት ነው፤ ትከሻው ጠሞ የዓለም መሳቂያ ሊያደርግሽ ነበር። እንደገና በደንብ ልጀምረው። እትዬ... ጊዜ አለኝ አይደል?"

ስንቱን አስታማሚ ፊት የነሳች ሴት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

"አለሽ" አለች። "አለሽ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ ስፊው።"